የጄፍ ራስኪን ታሪክ፤ ጥፋቱ የሰው ነው ወይስ የመሣሪያው?

ለሰው ልጅ የሚጠቅም መሣሪያ ፈልስፈው ያለፉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ከነዚህም የሚበዙት ስማቸው የሚነሣው ከዚያ በፊት ያልነበረ ኃይል ለሰው በማስገኘታቸው ነው፤ አንዱ በእንፋሎት፣ አንዱ በኤሌክትሪክ፣ ሌላውም በአየር ላይ በመብረር። ዛሬ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የወደድነው ሰው ግን ሥራው ከነዚህ ይለያል። ጄፍ ራስኪን የደከመው ለኮምፒውተር አዲስ ኃይል ለመጨመር ሳይሆን፣ ማናቸውም ሰው ሳይፈራና ሳያፍር በዚያ ኃይል እንዲሠራበት ለማድረግ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህን ታሪክ እንድንመርጥ ያነሣሣን በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ያየነው ነገር ነው። ለዚህ የበዓል መጽሔት ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ አማርኛ እየጻፈ መሆኑን አምኖ፣ ዐይኑን በረቂቁ ወረቀት ላይ ጥሎ፣ አንድ አንቀጽ ሙሉ መታ። ቀና ብሎ ስክሪኑን ሲመለከት ግን የተጻፈው ሁሉ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ አገኘው፤ ለካ ኪቦርዱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሳይመልሰው ኖሯል። እኛም የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እያልን ሳቅንበት፤ እርሱም በራሱ አፈረ። በኋላ ስለ ራስኪን ሕይወት ስናነብ ግን ይህ ስሕተት የታወቀና የተጠና መሆኑን፣ ጥፋቱም የጓደኛችን አለመሆኑን ተረዳን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአንድ በኩል ለጓደኛችን ካሣ እንዲሆን አስበን ነው።

ጄፍ ራስኪን የተወለደው በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ፣ ማርች 9 ቀን 1943 ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ዕውቀትን ከፋፍሎ አንዱን ብቻ መያዝ የማይወድ ሰው ነበር። በስቶኒ ብሩክ በሚገኘው የኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ፊዚክስ ሲማር፣ ጐን ለጐን ፍልስፍናና ሙዚቃ ያጠና ነበር። ከዚያም ወደ ፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በ1967 በኮምፒውተር ሳይንስ የማስተርስ ዲግሪውን ተቀበለ።

የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ዛሬ በምናውቀው መገመት ያስቸግራል። መሣሪያው ብቻውን አንድ ክፍል የሚሞላ ሲሆን፣ ተማሪው እንዲሠራለት የሚፈልገውን ነገር በካርድ ላይ በቀዳዳ አስመትቶ ለመሣሪያው ጠባቂዎች ያስረክባል፤ መልሱንም ከብዙ ጥበቃ በኋላ በወረቀት ታትሞ ይቀበላል። አንዲት ምልክት ብትሳሳት ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። የሚወጣውም መልስ ባመዛኙ ፊደልና ቍጥር ብቻ ነበር። ጠበብቱ ሁሉ ያስቡ የነበረው የመሣሪያው ጊዜ ውድ ስለ ሆነ እንዴት እንደሚቈጥቡት ነው፤ የሰው ጊዜ ግን እንደ ርካሽ ይቈጠር ነበር።

ወጣቱ ራስኪን በመመረቂያ ጽሑፉ ይህን አስተሳሰብ ገለበጠው። ኮምፒውተር በስክሪኑ ላይ ሁሉን ነገር በሥዕል ዐይነት ማሳየት እንደሚገባው፣ ፊደልም ቢሆን በተለያየ መልክ ሊሣል እንደሚችል፣ በስክሪን የሚታየውና በወረቀት የሚታተመው አንድ መሆን እንዳለበት ጻፈ። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ሰውና መሣሪያ የሚገናኙበት መንገድ ከመሣሪያው ፍጥነትና ቍጠባ እንደሚበልጥ ተከራከረ። በጽሑፉ ውስጥ ያቀረበውን የሥዕል መሥሪያ ዘዴ ክዊክ ድሮው ብሎ ሰየመው። ይህን ስም አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት እንለምናለን፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣልና።

ከዚህ በኋላ ራስኪን ሙዚቃ ለመማር በሳን ዲዬጎ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ብዙም ሳይቈይ የሙዚቃውን ትምህርት ትቶ በዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ ከ1968 እስከ 1974 ድረስም በሥነ ጥበብ ክፍል ሥዕልንና ፎቶግራፍን ከኮምፒውተር ጋራ ያስተምር ነበር። ከመንግሥት የሳይንስ ድርጅት ባገኘው ገንዘብ ኖቫ የተባለ አነስተኛ ኮምፒውተር አስመጥቶ፣ ተማሪዎቹ በካርድ ፈንታ ስክሪን ፊት ተቀምጠው መልሱን ወዲያው እንዲያዩ አደረገ። ከአንድ ተማሪው ጋራ ሆኖም ፍሎው የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጀ። ይህ ቋንቋ የሒሳብ ሰዎች ላልሆኑት ለሥዕልና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የታሰበ ነበር። ተማሪው የትእዛዙን መነሻ ፊደል ሲመታ ቀሪውን መሣሪያው ራሱ ስለሚሞላለት፣ ፊደል ገድፎ የሚሳሳትበት ምክንያት አልነበረም። እንግዲህ ተማሪው እንዳይሳሳት ከመቈጣት ይልቅ፣ ሊሳሳት የማይችልበትን መሣሪያ መሥራት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የራስኪን ልማድ እንደ ሆነ እናያለን።

ጠባዩ ጨዋታ ወዳድ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ሥራውን የለቀቀው፣ በሞቀ አየር በሚንሳፈፍ ትልቅ ፊኛ ተሳፍሮ በዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ቤት ላይ በማለፍ ነው ተብሎ ይነገርለታል። ከዚያም በሳን ፍራንሲስኮ አንድ የኦፔራ ማኅበር ሙዚቀኞችን በመሪነት አጫውቷል፤ የሞዴል አውሮፕላንም እየነደፈ ይሠራ ነበር። በዚሁ ዘመን በፓሎ አልቶ የሚገኘውን የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይጐበኝ ነበር። በዚያ የነበሩት ሊቃውንት በ1973 አልቶ የተባለውን ኮምፒውተር ሠርተው፣ እርሱ በ1967 የተመኘውን ባለ ሥዕል ስክሪን በማውስ እያዘዙ ይሠሩበት ነበርና ሐሳባቸው ከሐሳቡ ጋራ ገጠመ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራስኪን የመሣሪያ አጠቃቀም መመሪያ የሚያዘጋጅ አንድ አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ። በዚህም ሥራ ምክንያት ከሁለት ወጣቶች፣ ከስቲቭ ጆብስና ከስቲቭ ዎዝኒያክ ጋራ ተዋወቀ። እነርሱም በአንድ የመኪና ጋራዥ የጀመሩትን የአፕል ኩባንያ ገና እያደራጁ ነበር፤ አፕል ቱ ለተባለው ኮምፒውተራቸው መመሪያ እንዲጽፍላቸው አዘዙት። በጃንዋሪ 1978 ደግሞ ራሱ የኩባንያው 31ኛ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ የተሰጠውም ሥራ የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊነት ነበር።

አንዳንድ ሰው መመሪያ መጻፍን ዝቅተኛ ሥራ አድርጎ ይመለከተው ይሆናል። ለራስኪን ግን ታላቅ ትምህርት ቤት የሆነው ይህ ሥራ ይመስለናል። መመሪያ የሚጽፍ ሰው ምንም ከማያውቀው አንባቢ ጐን ተቀምጦ እያንዳንዱን እርምጃ ማስረዳት አለበት። ይህን ገመድ ከዚህ ሰካ፣ ያ ካልሆነ ያንን ፈልግ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ከመጣ እንደዚህ አድርግ እያለ ገጽ ሲጨምር፣ የገጹ መብዛት የአንባቢውን አለማወቅ ሳይሆን የመሣሪያውን መወሳሰብ የሚመሰክር መሆኑን ያያል። አፕል ቱ በውስጡ አያሌ ተጨማሪ ክፍሎች የሚሰኩበት ስለ ነበር፣ የአንዱ ሰው መሣሪያ ከሌላው አይመሳሰልም ነበር። ለሁሉ የሚሆን አንድ መመሪያ መጻፍም አስቸጋሪ ሆነ።

ስለዚህ በ1979 የጸደይ ወራት ራስኪን ለኩባንያው ሊቀ መንበር ለማይክ ማርኩላ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ስለ ኮምፒውተር ለማወቅ ለማይፈልግ፣ ሥራውን ብቻ መሥራት ለሚሻ ተራ ሰው የሚሆን አነስተኛ ኮምፒውተር እንዲሠራ ነው። ስክሪኑና ሌላው ክፍል ሁሉ በአንድ ሣጥን የተጠቃለለ፣ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ፣ እንደ ቤት ዕቃ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋራ ሲያገናኙት ወዲያው የሚሠራ፣ ዋጋውም በመጀመሪያው አሳቡ 500 ዶላር የሚሆን ነበር። በዚያው ዓመት በጻፈው አንድ ጽሑፍ፣ ኮምፒውተር በሚሊዮን እየተሠራ ወደ ሕዝብ ቢገባ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ መረመረ። ለሥራውም በጣም የሚወደውን የአፕል ዐይነት ስም ሰጠው፤ ሌላ ኩባንያ በዚያ ስም ይጠራ ስለ ነበርም አጻጻፉን ጥቂት ለውጦ ማኪንቶሽ አለው።

ሥራው በሴፕቴምበር 1979 ከተፈቀደ በኋላ ራስኪን ጥቂት ጐበዞችን ሰበሰበ። ከነዚህ አንዱ በኩባንያው የጥገና ክፍል ይሠራ የነበረው በረል ስሚዝ ነው፤ እርሱም የማኪንቶሽን የውስጥ አካል የነደፈ ባለሞያ ሆነ። ከዚያም በፊት በሳን ዲዬጎ ያስተማረውን ቢል አትኪንሰንን ወደ አፕል እንዲመጣ አግባብቶት ነበር። አትኪንሰን በኋላ ለአፕል ኮምፒውተሮች የሥዕሉን ፕሮግራም ሲሠራ፣ የፕሮግራሙ ስም ክዊክ ድሮው ተባለ። መምህሩ በ1967 በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ያኖረው ስም በዚህ ሁኔታ ተመልሶ መጣ።

ነገር ግን የዚህ ታሪክ አስቸጋሪው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ስቲቭ ጆብስ ሊዛ ከተባለው ሌላ የኩባንያው ሥራ ከተነሣ በኋላ በ1981 ወደ ማኪንቶሽ መጣ። ሁለቱም ሰዎች ብርቱ ሐሳብ ያላቸውና በሐሳባቸው የሚጸኑ ነበሩ። ራስኪን ከሁሉ በፊት ዋጋው ርካሽ እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ ጆብስ ግን ከሁሉ የበለጠ ግሩም መሣሪያ እንዲሆን ፈለገ። ራስኪን ማውስን አልወደደም ነበር፤ እጅ ከኪቦርዱ ላይ እየተነሣ ሥራ ያቋርጣልና ሌላ መጠቈሚያ ይመርጥ ነበር። ጆብስ ግን ማውስ እንዲኖረው ቈረጠ። ሥልጣኑም ጥቂት በጥቂት ወደ ጆብስ አለፈ። ራስኪን የሚሠራበት ቦታ ስላልቀረለት በ1982 ከአፕል ወጣ።

ማኪንቶሽ ለሽያጭ የወጣው ጃንዋሪ 24 ቀን 1984 ሲሆን ዋጋው 2,495 ዶላር፣ ማለት ራስኪን በመጀመሪያ ካሰበው አምስት እጥፍ ያህል ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ዓለም ያየው ማኪንቶሽ ራስኪን የነደፈው አልነበረም። ማውሱ ከዳግላስ ኤንግልባርት፣ መስኮቶቹ ከዜሮክስ ሊቃውንት ሥራ የመነጩ ናቸው። በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ትናንሽ ሥዕሎች ሱዛን ኬር ሣለቻቸው፤ ፕሮግራሙን አትኪንሰን፣ አንዲ ኸርትስፌልድና ሌሎች ጻፉት፤ ሁሉንም ወደ ፍጻሜ የገፋው ደግሞ የጆብስ ብርታት ነው። ሆኖም ኮምፒውተር በአንድ ሣጥን ተጠቃሎ ተራ ሰው ያለ ፍርሃት የሚሠራበት ይሁን የሚለው መነሻ አሳብ፣ ስሙም ጭምር፣ የራስኪን ነበር። ማኪንቶሽን የፈጠረው ማን ነው የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን ቈይቷል፤ እርሱም ድርሻው እንዲታወቅለት ደጋግሞ ጽፏል። እኛ ግን ዘሪውንም አጫጁንም ማመስገን ይገባል እንላለን።

የአንድ ሰው ጠባይ የሚፈተነው የጀመረውን ሥራ ሌላው ሲጨርሰው ሲያይ ነው። ራስኪን በቅሬታ ብቻ አልተቀመጠም። የራሱን ድርጅት አቋቁሞ አሳቡን እንደ ገና ከሥሩ ጀመረ። በዚህም ጥረት የተገኘው ኮምፒውተር ካነን በተባለው የጃፓን ኩባንያ ተሠርቶ በ1987 ካት በሚል ስም ለገበያ ወጣ፤ ዋጋውም 1,495 ዶላር ነበር። ካት ማውስም የለው፣ ትናንሽ ሥዕሎችም የሉት። ሲከፍቱት ሰውየው ትናንት የተወበትን ገጽ ያሳያል። ከመደቡ ቁልፍ በታች፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ ሁለት የመዝለያ ቁልፎች አሉት። ጸሐፊው አንዱን ተጭኖ እንደ ያዘ የሚፈልገውን ቃል መነሻ ፊደላት ሲመታ፣ መሣሪያው በብዙ ገጽ መካከል ያለውን ያን ቃል ፈልጎ ወዲያው ይደርስበታል፤ ጣቱን ሲያነሣ ጽሕፈቱን ይቀጥላል። የተሳሳተ ነገር ቢሠራም የሚመልስለት ቁልፍ ነበረው።

ካት በገበያ ላይ ብዙ አልቈየም፤ ከወራት በኋላ መሠራቱ ቆመ። ራስኪን ለሁለተኛ ጊዜ ሥራው ከእጁ አመለጠ። ነገር ግን ዛሬ በስልካችንና በኮምፒውተራችን ላይ የመነሻ ፊደል ስንመታ ቃሉ ተፈልጎ ሲመጣ፣ ያን የመሰለ አሠራር እርሱ ከብዙ ዓመት በፊት የመሣሪያው ዋና መሠረት አድርጎት እንደ ነበር እናስታውሳለን።

በ2000 ራስኪን የዕድሜውን ትምህርት በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አሳተመ። የመጽሐፉ አሳብ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። የሰው ልጅ በአንድ ጊዜ በልቡናው ሊይዝ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረውን ሥራ በልማድ ይሠራዋል። ይህም ድክመት ሳይሆን ተፈጥሮው ነው፤ ልማድ ባይኖር ኖሮ ስንሄድ እግራችንን፣ ስንጽፍ ጣታችንን እያሰብን ሌላ ነገር ማሰብ ባልቻልንም ነበር። እንግዲህ መሣሪያን የሚነድፍ ሰው ይህን የሰው ተፈጥሮ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ተፈጥሮን ለመለወጥ አይቻልምና።

ከዚህም የተነሣ ራስኪን ሞድ የሚባለውን ነገር አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። ሞድ ማለት አንዱ ቁልፍ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ሥራ የሚሠራበት ሁኔታ ነው። ሰውየው ልቡ በሚጽፈው ነገር ላይ ስለ ሆነ መሣሪያው በየትኛው ሁኔታ እንዳለ አያስታውስም፤ ስለዚህ መሳሳቱ አይቀርም። በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ምልክት ማድረግም አያድነውም፣ ዐይኑ ወደዚያ አይመለከትምና። የጓደኛችን ስሕተት ይኸው ነበር። ያው አንድ ቁልፍ አንድ ጊዜ የአማርኛ፣ ሌላ ጊዜ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጣል፤ እርሱም ልቡን በጽሑፉ ላይ ጥሎ ነበር። ራስኪን የሚመርጠው መፍትሔ ልክ ትልቁን የላቲን ፊደል ለመጻፍ ቁልፉን ተጭነን እንደምንይዘው ያለ ነው፤ ጣታችን እስካለ ድረስ ሁኔታው ይኖራል፣ ጣታችንን ስናነሣ ያበቃል፤ እጃችን ራሱ ስለሚያስታውሰን አንረሳውም።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። አንድ ጽሑፍ ልናጠፋ ስንል ኮምፒውተሩ በርግጥ ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቀናል። ራስኪን ይህ ጥያቄ ጥቅሙ ጥቂት መሆኑን አስረድቷል፤ ሰው አዎን የሚለውን መምታት ስለሚለምድ ሳያስብ ይመታዋል፤ የሚጸጸተውም ከመታው በኋላ ነው። ስለዚህ ከመጠየቅ ይልቅ የጠፋውን መመለስ እንዲቻል ማድረግ ይሻላል። በእርሱ እምነት የሰው ድካም የተቀደሰ ነገር ነው፤ መሣሪያም ሰው የደከመበትን ሥራ ሊያጠፋበት፣ ወይም ዝም ብሎ ሲጠፋ ሊያይ አይገባውም። ቀላል ነው የሚባለው መሣሪያም ብዙ ጊዜ ቀላል የሚመስለው ከዚህ በፊት የለመድነውን ስለሚመስል ብቻ መሆኑን ጽፏል። ሁላችንም ሳንመረምር የምናመሰግነውን ነገር እንደ ገና እንድንመለከተው ያደርገናል።

ራስኪን እስከ መጨረሻው ከሥራ አላረፈም። ከልጁ ከኤዛ ጋራ ሆኖ በመጽሐፉ ያስተማረውን የሚፈጽም አዲስ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ በካንሰር በሽታ ታመመ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2005 በካሊፎርኒያ ፓሲፊካ በምትባለው ከተማ በ61 ዓመቱ ዐረፈ።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መሣሪያ ሲያሸንፈን ወዲያው ራሳችንን ሰነፍ ማለት እንደማይገባን ነው። ይህን ስንል ግን ሳናጠና በፈተና የወደቅንበትን ጥፋት ሁሉ በእርሳሱ ላይ እንድናላክክ አይደለም፤ መምህሮቻችን እንዳይቀየሙን አስቀድመን እንናገራለን። ነገር ግን ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ በአንድ ዐይነት መንገድ ሲሳሳት፣ ጥፋቱን በሰዎቹ ሳይሆን በስፍራው መፈለግ ጥበብ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ከመካከላችን ነገ ለአማርኛና ለሌሎች ቋንቋዎቻችን ፕሮግራም የሚጽፉ ይኖራሉ። በስልክ ገንዘብ ለመላክ የልጅ ልጃቸውን የሚለምኑት አያቶቻችን፣ ቁልፉን ለመንካት የሚፈሩት እናቶቻችን የሚሠሩበትን መሣሪያ የሚነድፉት እነርሱ ናቸው። በዚያን ጊዜ አንዲት እናት ብትሳሳት የማታስተውል ናቸው ከማለት በፊት፣ ምን አበላሽቼ ይሆን ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ትምህርት ቤት እንዲወጣ እንመኛለን።

ጓደኛችንም ያን አንቀጽ እንደ ገና በአማርኛ መትቶ ጨርሶታል። እኛም ዳግመኛ አልሳቅንበትም።